አል-ኪንዲ፦ ፊደል ቆጥሮ የተሰወረውን ያነበበው ሊቅ



ከመገናኛ ወደ አያት የሚሄደው ባቡር ሲኤምሲን አልፎ የሚቆምበት መሪ የኛ ሰፈር ነው። እዚህ ያለን ጥቂት ሰዎች ረመዷን ሊገባ ሲል የተቸገሩ ቤተሰቦችን መዝግበን ዘካና ሰደቃ እናደርሳለን። መዝገቡ ቀላል ነገር አይደለም። ትናንት ሱቅ ከፍቶ ሌላውን ይረዳ የነበረ አባወራ፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ የቤት ኪራይ ያቃተው ወጣት ስማቸው እዚያ ላይ ሰፍሯል። ጎረቤት እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። በሱረቱል በቀራ 271ኛ አንቀጽ ሰደቃን ሰውሮ ለድሃ መስጠት የተሻለ መሆኑን ለተማርን ሰዎች ይህ መዝገብ የሰው ገመና ነው። ከተነበበብን ጥፋቱ የኛ ነው።

ከመካከላችን ኮምፒውተር የተማረ አንድ ወጣት ወንድም አለ። መዝገቡን ለመጠበቅ በፓይተን ቋንቋ የራሱን ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል በሌላ ፊደል ይተካል፤ የትኛው በየትኛው እንደተተካ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ያለው እርሱ ጋ ብቻ ነው። ደስ ብሎት አሳየኝ። እኔ የተማርኩት ኢስላማዊ ጥናት ነው፣ ያስተማርኩትም እርሱኑ ነው፤ ፕሮግራመር አይደለሁም። ግን አንድ ገጽ አትምልኝ አልኩትና ማታ ከተራዊሕ በኋላ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ።

አራት ፊደል ያለው፣ አንደኛውና ሦስተኛው ፊደሉ አንድ ዓይነት የሆነ ቃል በገጹ ላይ 9 ጊዜ ተደጋግሟል። በሙስሊሞች የስም ዝርዝር ውስጥ እንዲህ የሚበዛው ስም ማን ነው? መሐመድ። መ፣ ሐ፣ መ፣ ድ። ሦስት ፊደላት በአንድ ጊዜ በእጄ ገቡ። በመና በድ የሚያልቀው ሌላው ባለ አራት ፊደል ስም አህመድ ሆነ፤ በድ ያለቀው አጭሩ ስም ሰዒድ ሆነ። ሱሑር ሳይደርስ የገጹ አብዛኛው ተነበበ። ማንበቤን ሳውቅ ደነገጥኩ፣ የማውቃቸው ሰዎች ነበሩና። ወረቀቱን ከሰል ላይ ጣልኩት።

ይህ የኔ ብልሃት አይደለም። ከ1100 ዓመት በፊት በባግዳድ የሞተ ሰው ብልሃት ነው። ወጣቱ ወንድማችን ስሙን በፍልስፍና ትምህርት እንደ ሰማ ነገረኝ፤ ምስጢር ፈቺ እንደነበረ ግን አያውቅም ነበር። እኔም ለእርሱ የነገርኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ኢብኑ ኢስሐቅ አል-ኪንዲ በ185 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 801) አካባቢ ተወለደ። የትውልድ ቦታው ኩፋ ነው ይባላል። ኪንዳ ከሐድረመውት ወገን የወጣ፣ ከኢስላም በፊት ንጉሦች የነበሩት የዐረብ ጎሳ ነው። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ስሙ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የመንን የገዛው ሐበሻው አብረሃ እ.ኤ.አ. በ548 በማሪብ ግድብ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በኪንዳ ላይ የሾመው ሰው እንዳመፀበት ይናገራል።

ከአል-ኪንዲ አያቶች አንዱ ሶሐባው አል-አሽዐስ ኢብኑ ቀይስ ናቸው። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የኪንዳን ልዑካን መርተው መዲና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጡ። ነቢዩ ከሞቱ በኋላ ሐድረመውት ውስጥ በዘካ ሰበብ በተነሳው አመፅ ተሳትፈው ተማረኩ። አቡበክር (ረ.ዐ) ይቅር ብለው እህታቸውን ኡሙ ፈርዋን ዳሩላቸው። ቤተሰቡ በኋላ ኩፋ ሰፈረ። የአል-ኪንዲ አባት ኢስሐቅ በኸሊፋ አል-መህዲና በሃሩን አር-ረሺድ ጊዜ የኩፋ ገዢ ነበር። እንግዲህ ልጁ በተከበረ ቤት ተወለደ ማለት ነው፤ ገዢው አባት ግን ልጁ ገና ሳያድግ ሞተ።

ትምህርቱን የቀጠለው በበስራና በባግዳድ ነው። ባግዳድ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ከተማ ነበረች፤ አል-መንሱር የቆረቆራት በ145 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 762) ነው። ወረቀት በከተማዋ መመረት ጀምሯል፣ የመጽሐፍ ገልባጮች ገበያ ደርቷል፣ ኸሊፋው አል-መእሙን የግሪክ፣ የፋርስና የሕንድ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ እንዲተረጎሙ ገንዘብ ያፈስሳል። አል-ኪንዲ በዚህ ሥራ መካከል ገባ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። አል-ኪንዲን ተርጓሚ ይሉታል። ግሪክኛ ማንበብ መቻሉን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ተመራማሪዎቹም አይችልም ነበር ወደሚለው ያዘነብላሉ። የአርስጣጣሊስን መታፊዚካ የተረጎመለት ኡስጣስ የሚባል ሰው ነው። ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ኢብኑ ናዒማ የተባለ የሒምስ ክርስቲያን ተርጉሞለት እርሱ ዐረብኛውን አረመ። የአል-ኪንዲ ድርሻ ምን እንደሚተረጎም መምረጥ፣ የመጣውን ማስተካከል፣ ከዚያም በራሱ አእምሮ መሥራት ነበር። በማያውቀው ቋንቋ የሚሠራውን ከባድ ሥራ ለባለሙያው ሰጥቶ ውጤቱን በሚያውቀው ቋንቋ ተቀበለ። ይህን ነጥብ አንባቢ ያዝልኝ፤ ወደ ላፕቶፑ ስንመለስ ያስፈልገናል።

የጻፈው ብዛት ያስደንቃል። ኢብኑ ነዲም እ.ኤ.አ. በ987 ባጠናቀቀው የመጻሕፍት ዝርዝሩ ከ240 በላይ ሥራዎችን በስሙ አስፍሯል። ስለ ሕንድ ቁጥሮች፣ ስለ ብርሃንና ስለ ዕይታ፣ ስለ ባሕር ሞገድ መሙላትና መጉደል፣ ስለ መድኃኒት ቅመማ መጠን፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሰይፍ ብረት ዓይነቶች ጽፏል። የሽቶ መጽሐፉ ብቻ 107 አቀማመሞችን ይዟል። አብዛኛው ጠፍቷል። ቆጣቢ ሰው ነበር ይባላል። አል-ጃሒዝ በስስታሞች መጽሐፉ አል-ኪንዲ የሚባል ንፉግ የቤት አከራይ ያመጣል፤ ያ ሰው እርሱ ራሱ ይሁን ሌላ ኪንዳዊ ግን አከራካሪ ነው።

ለኡማው ታሪክ የሚያሳስበውን ክፍል ሳልነካ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። አል-ኪንዲ ትልቁን የፍልስፍና መጽሐፉን ያበረከተው ለኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ነው፤ የኸሊፋውን ልጅ አህመድንም ያስተምር ነበር። ኢማሙ አህመድ ኢብኑ ሐንበል (ረሒመሁላህ) ቁርኣን ፍጡር ነው እንዲሉ ተገደው እምቢ በማለታቸው የተገረፉት በዚሁ ኸሊፋ እጅ ነው። አንዱ ሊቅ በቤተ መንግሥቱ ማዕድ ተቀምጦ ሲጽፍ ሌላው በዚያው መንግሥት ጅራፍ ጀርባቸው ይቀደድ ነበር። አል-ኪንዲ በመከራው ውስጥ እጁ እንዳለበት የተጻፈ አላገኘሁም። ለኢማሙ ሲቆምም አላየነውም። በፍልስፍናው ዑለማዎቻችን ብዙ ተችተውታል፣ ለዚያም ምክንያት አላቸው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ፊደል ቆጠራውን ነው፤ እርሱን ለመቀበል ፍልስፍናውን መቀበል አያስፈልግም።

መጽሐፉ ሪሳለቱን ፊ ኢስቲኽራጅ አል-ሙዐማ ይባላል፤ የተሰወረውን ጽሑፍ ስለማውጣት የተጻፈ ሪሳላ ማለት ነው። ትንሽ ናት። በእጃችን ካሉት ሁሉ ስለ ምስጢር ፈቺነት የተጻፈች ቀዳሚዋ እርሷ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጽሑፍ ፊደሎቹ በሌላ ምልክት ተተክተው ደረሰህ እንበል። በመጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ እወቅ። ከዚያ በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ሌላ ግልጽ ጽሑፍ ፈልግ፤ ረዥም ይሁን። እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠርና ከብዙው ወደ ጥቂቱ ደርድር። በተሰወረው ጽሑፍ ያሉትን ምልክቶችም እንዲሁ ቁጠር። አንደኛውን ከአንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር አስተያይ። ሰንጠረዡ የማን ኪስ ውስጥ ቢሆን ቋንቋው ራሱ ይነግርሃል።

እርሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ቆጥሯል። 3667 ፊደላት ያሉት የዐረብኛ ጽሑፍ ወስዶ አሊፍን 600 ጊዜ፣ ላምን 437 ጊዜ አግኝቷል። ቁጥሩን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ ስንት ሌሊት ፈጀበት የሚል ነበር።

ቆጠራው ብቻውን እንደማይበቃም ያውቃል። ጽሑፉ አጭር ከሆነ ቁጥሩ ያታልላል፤ ሁለት መስመር ውስጥ ብርቁ ፊደል በአጋጣሚ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ሌሎች በሮችንም ያሳያል። አንዱ የመግቢያ ቃል ነው፦ የሙስሊም ደብዳቤ በቢስሚላህ ስለሚጀምር የመጀመሪያውን መስመር ግማሽ መንገድ ታውቀዋለህ። ሌላው የማይገናኙ ፊደላት ነው። ተጅዊድ የቀራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መኽረጃቸው የተቀራረበ ፊደላት በአንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ ይከብዳቸዋል፤ ዐይንና ሐ በአንድ የዐረብኛ ሥር ውስጥ አይገናኙም። ይህን ከአል-ኪንዲ በፊት ያስተዋለው የበስራው የነሕው ሊቅ አል-ኸሊል ኢብኑ አህመድ ነው፤ የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት በመኽረጅ ቅደም ተከተል ያሰናዳው እርሱ ነው። አል-ኸሊል በተሰወረ ጽሑፍ ላይ መጽሐፍ እንደነበረው ይነገራል፤ መጽሐፉ ጠፍቷል። ከሩም ንጉሥ የመጣ ምስጢራዊ ደብዳቤን በመግቢያው በአምላክ ስም ይጀምራል ብሎ ገምቶ በአንድ ወር እንደፈታውም ይተረካል።

ይህ ጥበብ በሙስሊሞች መካከል መወለዱ በዕድል አይመስለኝም። የቁርኣንን ቃላትና ፊደላት የቆጠሩ፣ የሐዲስ ዘጋቢን ቃል ከቃል ያነጻጸሩ፣ የድምፅን መውጫ ከጉሮሮ እስከ ከንፈር የለኩ ሰዎች ያሉበት ማኅበረሰብ ነበር። አል-ኪንዲ ከነሕው ሰዎች የቋንቋ ዕውቀቱን፣ ከሒሳብ ሰዎች ቆጠራውን ወስዶ አንድ ላይ አደረጋቸው።

በአማርኛም ይሠራል ወይ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ይሠራል፤ ትንሽ ግን ይከብዳል። ዐረብኛ 28 ፊደላት አሉት። ፊደላችን እያንዳንዱ ድምፅ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስለሚዘረዘር ከ200 በላይ ምልክት አለው፤ ቆጠራው ይበታተናል፣ ረዥም ጽሑፍ ያስፈልጋል። የወሎ ሸኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በጻፉበት በዐጀሚ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። የኛን መዝገብ ያጋለጠው ግን የስሞቹ መደጋገም ነው፣ ረዥም ጽሑፍም አላስፈለገው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። አል-ሙተወኪል በ232 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 847) ኸሊፋ ሲሆን ነፋሱ ተለወጠ። የቁርኣን መከራ ቆመ፣ ኢማሙ አህመድ ተከበሩ፤ ለአል-ኪንዲ ግን ክፉ ዘመን መጣ። የጎዱት የሃይማኖት ሰዎች አይደሉም፤ የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። በኑ ሙሳ የሚባሉት ወንድማማቾች፣ ሙሐመድና አህመድ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ የታወቁ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ሌላ ሊቅ እንዲኖር አልወደዱም። ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ እንደዘገበው ሰንድ ኢብኑ ዐሊ የተባለውን የሥነ ፈለክ ሊቅ ወደ ባግዳድ አስራቁት፣ አል-ኪንዲን ደግሞ ከኸሊፋው ጋር አጣልተው አስደበደቡት። ከዚያ ቤቱ ሄደው መጻሕፍቱን በሙሉ ወሰዱ። በአንድ ቦታ አከማቹትና አል-ኪንዲያ ብለው ሰየሙት። በሰው ኪታብ የሰውየውን ስም ለጥፎ መያዝ ምን ዓይነት ንቀት እንደሆነ ኪታብ የተወሰደበት ደረሳ ያውቀዋል።

አል-ኪንዲ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ያለ መጽሐፍ ቀረ።

መጻሕፍቱ የተመለሱት በቦይ ምክንያት ነው። አል-ሙተወኪል ከሰመራ አጠገብ አዲስ ከተማ ሲያሠራ ውኃ የሚያመጣ ቦይ እንዲቆፈር አዘዘ፣ ሥራውንም ለበኑ ሙሳ ሰጠ። እነርሱ ለአል-ፈርጋኒ አስተላለፉት። አል-ፈርጋኒ ስመ ጥር ሊቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ተሳሳተ። የቦዩን አፍ ከቀሪው አካል ይልቅ አስጠለቀው፤ ወንዙ ካልሞላ በቀር ውኃው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ወሬው ኸሊፋው ጆሮ ደረሰ። ሰንድ ኢብኑ ዐሊ ከባግዳድ ተጠርቶ እንዲመረምር ታዘዘ፤ ስሕተቱ እውነት ከሆነ ወንድማማቾቹ በቦዩ ዳር ሊሰቀሉ ነው።

ነፍሳቸው ባራቁት ሰው እጅ ገባች። ለመኑት። ሰንድ ከአል-ኪንዲ ጋር ጓደኛ አልነበረም፤ እንዲያውም በመካከላቸው ቅሬታ ነበር። ሆኖም ያደረጉበትን በደል አነሳባቸው፤ መጻሕፍቱን ካልመለሱ ስለ እነርሱ አንድም መልካም ቃል እንደማይወጣው ቁርጡን ነገራቸው። መጻሕፍቱ ተጭነው ተመለሱ፤ አንድም ሳይጎድል መረከቡን የሚያረጋግጥ የአል-ኪንዲ የእጅ ጽሑፍም መጣ። ከዚያ ሰንድ ጤግሮስ በሚሞላባቸው አራት ወራት ስሕተቱ እንደማይታይ አስልቶ ለኸሊፋው ቦዩ ደህና ነው አለ። ከሁለት ወር በኋላ አል-ሙተወኪል በ247 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 861) ተገደለ፤ ነገሩም ተዳፈነ። የሰንድ ምስክርነት ሐሰት ነበር፤ የሰው ሕይወት ለማትረፍ የተነገረ ሐሰት። ፍርዱን ለባለ ፊቅሆቹ እተወዋለሁ፤ ያለ እርሱ ግን ያ መጽሐፍ ሁሉ የት ይወድቅ እንደነበር አላህ ይወቅ።

አል-ኪንዲ ከዚያ በኋላ በጸጥታ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ873 አካባቢ በባግዳድ ሞተ። ሐዘንን ስለ መከላከል የጻፈው ሪሳላ እስከ ዛሬ አለ። የሰው ልጅ ሊወሰድበት በሚችል ነገር ላይ ልቡን ከጣለ ሐዘኑን ራሱ እንደሸመተ ይቆጥረዋል። ከመጻሕፍቱ መወሰድ በፊት ይሁን በኋላ የጻፈው አይታወቅም፤ እኔ ግን ሳነበው ሁልጊዜ ባዶውን መደርደሪያ አስባለሁ።

የቆጠራው ዕውቀት ከእርሱ ጋር አልሞተም። ኢብኑ ዐድላንና ኢብኑ አድ-ዱረይሂም በሻምና በግብፅ አሳደጉት፤ አል-ቀልቀሸንዲ በ814 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1412) በጨረሰው የጸሐፊዎች መድበል ውስጥ ቦታ ሰጠው። ዐረቦች ለዜሮ የሰጡት ሲፍር የሚለው ቃል ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ለምስጢር ጽሑፍ መጠሪያ ሆነ። የአል-ኪንዲ ሪሳላ ራሷ ግን በኢስታንቡል ሱለይማኒያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሌሎች ሪሳላዎች ጋር ተጠርዛ ተኛች። ደማስቆ ላይ ታርማ የታተመችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

አሁን ወደ መሪ፣ ወደ ላፕቶፑ።

ወጣቱ ወንድማችን ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ ተስፋ አልቆረጠም። ዓለም የተቀበለውንና እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ መደበኛ የሆነውን ኤኢኤስ የተባለ የምስጠራ ስልት አጥንቶ ሁሉንም ደረጃ በፓይተን ራሱ ጻፈው። ብርቱ ሥራ ነው፣ አደነቅኩት። እያንዳንዱን ስም ለብቻው በአንድ ቁልፍ መሰጠረው። ያተመልኝ ገጽ ትርጉም በሌላቸው ቁጥሮችና ፊደሎች ተሞልቷል። እኔም አሁንም ቆጠርኩ። ኤኢኤስ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 16 ባይት ነው፤ መሐመድ በኮምፒውተር ሲጻፍ 12 ባይት ስለሚሆን አንድ ጡብ ውስጥ ይገባል። ቁልፉ አንድ ከሆነና ሌላ ነገር ካልተጨመረ ያው ስም ሁልጊዜ ያው ጡብ ሆኖ ይወጣል። ከሁሉ የበዛው ጡብ 9 ጊዜ መጥቷል። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስልቱን ማንም አልሰበረውም፤ አጠቃቀሙ ነው ያጋለጠን።

ያኔ ነው የአል-ኪንዲን ተርጓሚዎች ያነሳሁለት። ፓይተን አስተርጓሚ ያለው ቋንቋ ነው፤ ፕሮግራመሩ ለሰው በሚቀርብ አነጋገር ይጽፋል፣ አስተርጓሚው ትእዛዙን አንድ በአንድ እያነሳ ያስፈጽማል። ለማዘዝ ምቹ ነው፣ ለከባድ ስሌት ግን ይዘገያል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከባዱን ሥራ እንደ ሲ እና ረስት ባሉ፣ አስቀድመው ወደ ማሽኑ የራሱ ቋንቋ በሚለወጡ ቋንቋዎች ጽፈው ላይብረሪ አድርገው አስቀምጠውታል። የፓይተኑ ክሪፕቶግራፊ ላይብረሪ ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ከላይ ሲታይ ፓይተን ነው፣ ከሥር የሚሠራው በሲ የተጻፈው ኦፕን ኤስኤስኤል ነው፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ረስትም ገብቶበታል። አዛዡ ሦስት መስመር ይጽፋል፣ ግሪክኛውን ኡስጣስ ያነበዋል።

ለጥቂት መቶ ስሞች ፍጥነት ምን ያደርጋል አለኝ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስሞቹን ለመመስጠር ብዙም አያደርግም። ልዩነቱ የይለፍ ቃሉ ላይ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ቃል ደካማ ስለሆነ ወደ ቁልፍ ሲለወጥ ሆን ተብሎ ብዙ ዙር ይፈጫል፤ ፒቢኬዲኤፍ2 በሚባለው መንገድ ከኤስኤችኤ-256 ጋር ሲሆን የሚመከረው 600000 ዙር ነው። ሁሉም በንጹሕ ፓይተን ከተጻፈ ያረጀው ላፕቶፓችን ደቂቃዎች ያስጠብቀናል፤ ሰው ይሰለችና ዙሩን ይቀንሳል። ላፕቶፑን የሚሰርቅ ሰው ግን በፓይተን አይገምትም፤ በማሽኑ ቋንቋ፣ በፈጣን ካርዶች ነው የሚገምተው። እኛ የቀነስነው ዙር ሁሉ ለእርሱ ስጦታ ነው። በላይብረሪው ግን 600000ው ዙር ሻይ ሳይቀዳ ያልቃል።

ሌላም አለ፣ እርሱ አል-ኪንዲን ያስደስተው ነበር ብዬ አስባለሁ። በእጅ የተጻፈ ኮድ ለአንዱ ቁልፍ ትንሽ ፈጥኖ ለሌላው ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ያን ጊዜ የለካ ሰው ስለ ቁልፉ ይማራል። ፊደል ሳይሆን ጊዜ ቆጠረ ማለት ነው። ጥሩዎቹ ላይብረሪዎች የሚፈጁት ጊዜ በምስጢሩ እንዳይለዋወጥ ተደርገው የተጻፉ ናቸው፤ በፓይተን ይህን መቆጣጠር አይቻልም ማለት ይቀላል።

ወንድማችን የራሱን ኮድ ሰርዞ በዚያ ላይብረሪ ውስጥ ያለውን ፈርኔት የተባለ ዝግጁ ስልት ተጠቀመ። ፈርኔት በያንዳንዱ ምስጠራ አዲስ የዘፈቀደ 16 ባይት ስለሚጨምር መሐመድ 9 ጊዜ ሲመሰጠር 9 የተለያየ ነገር ይወጣል፤ የተነካካ ካለም በሚፈታበት ጊዜ ያሳውቃል። አትሞ ሰጠኝ። ቆጠርኩ። የሚደጋገም ስም የለም።

መግቢያው ላይ ግን ዓይኔ ቆመ። እያንዳንዱ መስመር በላቲን ፊደል አንድ ጂ፣ አምስት ኤ፣ አንድ ቢ ብሎ ይጀምራል። እርሱም ደነገጠ። አብረን መመሪያውን ስናነብ ነገሩ ተገለጠ፤ ፈርኔት በመጀመሪያ የስልቱን ቁጥር፣ ቀጥሎ የተመሰጠረበትን ሰዓት ሳይሰውር ይጽፋል። ስሙ አይነበብም፤ ማን መቼ እንደተመዘገበ ግን ከነሴኮንዱ ይነበባል። በቤተሰቡ ላይ መከራ የደረሰበትን ሳምንት የሚያውቅ ጎረቤት ከዚያ ብዙ መገመት ይችላል።

መስመር በመስመር መመስጠሩን ትተን መዝገቡን በሙሉ እንደ አንድ ፋይል በየጊዜው እንደገና መመስጠር ጀመርን። አሁን የሚታየው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ መዝገቡ ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋበት። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች ያውቁታል፤ እኔ አንዱ አይደለሁም።